6 ጥማድ አለን፤ ሁሉንም ጤፍ እንዝራ ወይስ ለሽምብራ እናስተርፍ?

ጥያቄ፦
ሰላም ወገን። አባቴ ምንጃር ገበሬ ነው፣ እኔ አዲስ አበባ ነው የምሠራው። 6 ጥማድ ጥቁር አፈር አለን። አምና ሁሉንም ጤፍ ዘራን፤ ምርቱም አልከፋም። ግን የማዳበሪያ ዕዳ ስለነበረብን ጥር ላይ አብዛኛውን አወጣነው። ባለፈው ሳምንት የቤት ቀለብ አለቀና ያንኑ ጤፍ ከገበያ በውድ ገዛን። እናቴ ስታነሳው ትስቃለች፤ አባቴ ግን አይስቅም።

አሁን ደግሞ አንድ ነጋዴ «ሽምብራ ይወደዳል፣ መሬቱን በሙሉ ሽምብራ አድርገው» ብሎታል። ዋጋው ወዴት የሚሄድ ይመስላችኋል?

የበቾ ገበሬ፦
ነጋዴው ይህን ያህል ካወቀ ለምን መሬት ተከራይቶ ራሱ አይዘራም? ወንድሜ፣ ዛሬ ሁሉንም መወሰን የለባችሁም። ጤፍ ሐምሌ ላይ ይዘራል። ሽምብራ ግን ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም፣ መሬቱ በያዘው እርጥበት ነው። 4ቱን ጥማድ ጤፍ አድርጉና 2ቱን እያረሳችሁ አቆዩት። ያኔ ክረምቱን ታዩታላችሁ፣ የዘሩንም ዋጋ ታውቃላችሁ። ሽምብራ የነበረበት ማሳ ለከርሞ ጤፍ ይስማማዋል። ጭዱንም አትርሱ፤ በሬ ያለው ሰው ጤፍን ጨርሶ አይተውም።

የእህል በረንዳው፦
እኔም ነጋዴ ነኝ፣ ስድቡን ችያለሁ።

ጤፍ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ገበያውን ያጥለቀልቀዋል፤ ዕዳ ያለበት ሁሉ እኩል ነው የሚያወጣው። ክረምት ሲቃረብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይወደዳል። እናንተን የጎዳችሁ ጤፉ ሳይሆን ጥር ነው። ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፣ ደረቅ ቦታ ካገኘ ይቆያል። ሽምብራ ግን ነቀዝ ይወደዋል፤ አየር የማያስገባውን ከረጢት ካልገዛችሁ ለማቆየት አታስቡ።

ደግሞ የትኛው ሽምብራ? ትልቁ ነጩ የውጭ ገበያ ነገር ነው። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዶላር ጉዳይ ይበልጥ ይነካዋል። ትንሹ ቀዩ ግን ሽሮ ነው፤ ሰው ሽሮ አይተውም። አንድ ነገር ልጨምር፦ አምና ውድ የነበረውን ዘንድሮ ሁሉም ይዘራዋል። ስንቱን እህል እንዲህ ሲረክስ አይቻለሁ።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነኝ፦
ለአባትህ ንገራቸው፤ ዋጋ ከመገመታቸው በፊት ወጪያቸውን ይደምሩ። ማዳበሪያ፣ ዘር፣ የአረም፣ የአጨዳና የውቂያ ጉልበት። ለምሳሌ ለአንድ ጥማድ 12,000 ብር ወጥቶ 4 ኩንታል ቢገኝ፣ ኩንታሉ ከ3,000 ብር በታች ከተሸጠ ኪሳራ ነው። የራሳችሁን ቁጥር አስገቡበት። ሽምብራውን ውኃ በሚተኛበት ቦታ እንዳትዘሩት። ከዚህ በፊት ዘርታችሁት የጠወለገበት ማሳ ካለም እዚያ አትመልሱት። ነጩን ከመረጡ አረርቲ የሚባለው ዝርያ አለ፤ ዘሩን ከታመነ ቦታ ይግዙ።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አባቴ ጋ ደወልኩ። 4 ለ2 የሚለውን ወዶታል። የማዳበሪያውን ዕዳ ለገና በግ ሸጠን እንከፍላለን፣ ጤፉ ጎተራ ይቆያል ብሏል። «ሽምብራውስ፣ ነጩ ነው ቀዩ?» ስለው፣ «እናትህን ጠይቃት፤ ሽሮ የምታስፈጨው እሷ ናት» አለኝ።