አዳማ ውስጥ የካርቡሬተር አፍ የሚሰራልኝ ሰው ጠቁሙኝ

ሰላም ወገኖች። አባቴ የተወልኝ አልፋ ሮሜዮ ጂቲ 1300 ጁኒየር አለች፤ በፈረንጆቹ 1968 የተሰራች። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅሉ ሁለት ዌበር 40 ዲሲኦኢ ካርቡሬተሮች አሏት። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ ጉሮሮ፣ በየጉሮሮው ላይ ደግሞ ጥሩንባ የምትመስል የአየር ማስገቢያ። ከአራቱ ሁለቱ ጠፍተዋል፣ አንዱ ተጨፍልቋል።

እዚሁ አዳማ አንድ ቶርኖ ቤት ከአሉሚኒየም አስቀረጽኩ። ያምራሉ፤ ግን አፋቸው እንደ ቧንቧ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። ዋናው ነገር እኮ ያ ወደ ውጭ የሚታጠፈው ክብ ከንፈር ነው! ጠርዙ ስለት ከሆነ አየሩ ይረበሻል፣ ጉሮሮው በደንብ አይሞላም። ባለሙያው «ለውበት ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

አሁን ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልረግጥ ቆማ ስትሰራ) ደህና ናት። ነዳጅ ስሰጣት ግን ታንቃ ትነሳለች። ከፍታው ነው እንዳትሉኝ፤ አዳማ ከባህር ጠለል 1600 ሜትር ግድም ስለሆነች የቤንዚን ቀዳዳዎቹን ቀድሜ አሳንሻለሁ።

ሁለት ነገር ቸግሮኛል። ቆርቆሮ አሉሚኒየም በእንጨት ቅርጽ ላይ እያሽከረከረ የሚያጥፍ እጀ ወርቅ ታውቃላችሁ? አሉሚኒየም አቅልጠው ድስት የሚሰሩትም ቢሆኑ ይሞክሩልኝ፣ ውስጡን እኔ አለሰልሰዋለሁ። ሌላው የጥሩንባዎቹ ርዝመት ነው። ረጅሙ በዝቅተኛ ዙር ጉልበት ይሰጣል፣ አጭሩ በከፍተኛው። እኔ የምነዳው ከተማ ውስጥ ነው፤ ረጅሙን እመርጥ ነበር፣ ግን ከካርቡሬተሩ እስከ ጎን ላሜራው ያለኝ ቦታ 7 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ለአየሩም መግቢያ ክፍተት መቅረት አለበት። ስንት ላድርገው? የአዳማን አቧራ ስለምታውቁት ዲፕራተርም (የአየር ማጣሪያ) ልጨምርበት ነው።