የፌዴራሉ የበጀት ጉድለት በወጪ ቅነሳ ይሞላ? የባሕር ዳር ነዋሪዎች የጽሑፍ ክርክር

አወያይ፦ ለ2017 የበጀት ዓመት በመጀመሪያ የጸደቀው የፌዴራል በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 358.5 ቢሊዮኑ በገቢ የማይሸፈን ጉድለት ነበር። ዓመቱ ሳይጋመስ ኅዳር ላይ ደግሞ ወደ 582 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ተጨማሪ በጀት ጸደቀ። ጉድለቱ ወጪ በመቀነስ ይሞላ ወይስ በሌላ መንገድ?

ነጋዴ፦ እኔ ቅነሳውን እደግፋለሁ፤ ለሁሉም እኩል በመቶኛ ይሁን። መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ ቀጥታ ሲበደር ዕቃ ሳይጨመር ብር ብቻ ወደ ገበያ ይገባል፤ በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ ለደረሰው የዋጋ ግሽበት ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ነበር። ከንግድ ባንኮች መበደሩም ቢሆን የሚከፍልለት ሰው አለው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር የ20 በመቶውን ያህል የአምስት ዓመት የግምጃ ቤት ቦንድ (ለመንግሥት የሚያበድሩበት ሰነድ) እንዲገዙ በታዘዙበት ወቅት፣ ለሱቄ ማስፋፊያ የጠየቅሁት ብድር ለወራት ተንጠልጥሎ በመጨረሻ ቀርቷል። መንግሥት አቅሙን አውቆ ቢያወጣ ኖሮ ያ ገንዘብ ለእኔና ለመሰሎቼ ይደርስ ነበር።

የጤና ጣቢያ ሒሳብ ሠራተኛ፦ ወንድሜ፣ ስለ ብድሩ የጻፉት እውነት ነው፤ ነገር ግን ቅነሳ ሲታዘዝ ምን እንደሚቀነስ ከሥራዬ ልንገርዎት። ከዚያ 971.2 ቢሊዮን ውስጥ 222.7 ቢሊዮኑ ለክልሎች የሚተላለፍ ድጎማ ነበር፤ ክልሉ ደግሞ ከራሱ ገቢ ጋር ደምሮ ለወረዳዎች ያከፋፍላል። ወረዳው ጋ ሲደርስ አብዛኛው ደመወዝ ነው፤ ደመወዝ ሊነካ አይችልም፣ ሊነካም አይገባም። ስለዚህ የሚቀነሰው ሥራ ማስኬጃው ብቻ ይሆናል፤ እርሱም የአምቡላንስ ነዳጅ፣ ጓንት፣ የጽዳት ዕቃ፣ የተበላሸ ማቀዝቀዣ ማስጠገኛ ማለት ነው። በወረቀት ላይ ጤና ጣቢያው ተከፍቷል፣ ሠራተኛውም ይከፈለዋል፣ የምትወልደው እናት ግን ጓንት ከውጭ ገዝታ እንድትመጣ ትጠየቃለች። ይህን ቁጠባ ብዬ መጥራት ይከብደኛል፤ ወጪው ከመንግሥት መዝገብ ወደ እርሷ ቦርሳ ተሻገረ እንጂ አልጠፋም። ሌላም አለ፦ ሥራ ማስኬጃው ሳይለቀቅ ከርሞ ግንቦት ላይ ሲመጣ፣ እስከ ሰኔ 30 ካልተጠቀምንበት ተመላሽ ስለሚሆን፣ የሚያስፈልገው ሳይሆን ፈጥኖ የሚገኘው ይገዛል። ብክነት መቀነስ የሚፈልግ ሰው ከዚህ ይጀምር።

የሐይቁ ዳር ነዋሪ፦ በዚህ ላይ እምቦጭን ልጨምር። አረሙ በጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሲታይ ጥቂት ቦታ ይዞ ነበር። በሳምንታት ውስጥ እጥፍ የሚሆን፣ ዘሩም በደለል ውስጥ ለዓመታት የሚቆይ ተክል ስለሆነ፣ ለነቀላ የሚወጣው ገንዘብ አንድ ወቅት ሲዘገይ የሚቀጥለው ወቅት ሥራ ይበዛል። በደምብያና በፎገራ ያሉ ገበሬዎች ወገባቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉ ከርመዋል። ዛሬ ተቀነሰ የሚባል ወጪ ነገ ተባዝቶ የሚመጣበት እንዲህ ያለ ሥራ ከሌላው ጋር በእኩል በመቶኛ ሊቆረጥ አይገባም።

መምህር፦ የታክስ ገቢያችን ከአገራዊ ምርቱ ከ10 በመቶ በታች ነው። በዚህ ላይ እያለን ዋናው ችግር ወጪ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

ነጋዴ፦ መምህር፣ ገቢ ይጨመር ሲባል ግብር ሰብሳቢው የሚመጣው መዝገብ ወዳለኝና ሱቄ መንገድ ዳር ወደሆነው ወደ እኔ ነው፤ ያለ ደረሰኝ በሚሊዮን የሚያንቀሳቅሰው አይነካም። መረቡ ከሰፋ ግን አልቃወምም። ስለ ጓንቱ የጻፉልኝን እኅቴን ደግሞ አንብቤ አሳቤን በከፊል አስተካክያለሁ፤ ቅነሳው ለሁሉም እኩል በመቶኛ ይሁን ማለቴን ትቻለሁ። የምደግፈው መጀመሪያ አዲስ ተሽከርካሪ፣ የውጭ ጉዞ፣ የስብሰባ አበልና የቢሮ ዕድሳት በስም ተዘርዝረው ሲቀነሱ ነው።

የጤና ጣቢያ ሒሳብ ሠራተኛ፦ በዚህ እስማማለሁ። ይሁን እንጂ እነዚያ ሁሉ ተቀንሰው እንኳ የ358 ቢሊዮን ጉድለት የሚሞላ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ተጨማሪ በጀት በሚጸድቅበት ቀን ከእርሱ ስንት እጁ ለወረዳ ሥራ ማስኬጃ እንደሚደርስ አብሮ እንዲታወጅ እጠይቃለሁ።