ለቤት ኮምፒውተር የሚሆን፣ ኪስ የማይጎዳ የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር የትኛው ነው?

ጠያቂ፦ መምህር፣ ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ። በመምህርነት እየሠራሁ በትርፍ ጊዜዬ ፎቶ አነሣለሁ። ያለኝ ያገለገለ የኒኮን ካሜራና 4 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ነው። ባለፈው ሳምንት ገና ጎህ ሲቀድ ሐይቁ ዳር ወርጄ፣ ከዜጌ በኩል እንጨት ጭኖ የሚመጣ ታንኳ አነሣሁ። ሰማዩና ውኃው አምረው ሲወጡ ቀዛፊው ግን ፊቱ የማይለይ ጥቁር ጥላ ሆኖ ቀረ፤ ሐይቁም ወደ ግራ ያዘመመ ይመስላል።

ከዚህ በፊት አንድ ወዳጄ በፍላሽ ያመጣልኝን ክራክ የተደረገ (ያለ ክፍያ እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ) ሶፍትዌር ጭኜ፣ አብሮት በገባ ቫይረስ የሁለት ዓመት ፎቶዎቼን ስላጣሁ ወደዚያ መንገድ መመለስ አልፈልግም። በየወሩ በውጭ ምንዛሪ መክፈልም ከደመወዜ ጋር አይሄድም። በነፃ የሚገኝ ወይም አንድ ጊዜ ብቻ ተከፍሎበት የሚያገለግል፣ ለዚህ ላፕቶፕ የማይከብድ ሶፍትዌር ብትጠቁሙኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ፎቶ ቤት የምሠራ

መምህር፣ ስለ ሶፍትዌሩ ከመነጋገራችን በፊት ካሜራዎ ፎቶውን የሚያስቀምጠው በሮው (ካሜራው የያዘውን መረጃ ሳያስተካክል በሚያስቀምጥ ጥሬ ፋይል) ነው ወይስ በጄፔግ (ተጨምቆ በሚቀመጠው በተለመደው የፎቶ ፋይል)? ጄፔግ ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃ ብቻ ሲይዝ፣ 14 ቢት የሆነ ሮው ፋይል ግን 16,384 ደረጃ ይይዛል። የቀዛፊው ፊት ያለው በጨለማው ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ ፋይሉ ሮው ከሆነ ጥላውን አቅልሎ ፊቱን ማውጣት ይቻል ይሆናል፤ ጄፔግ ከሆነ ግን ብርሃኑን በጨመሩ ቁጥር ፊቱ ላይ ቀይና አረንጓዴ ነጠብጣብ ይወጣል፣ ይህን ደግሞ በሺሕ ዶላር የሚገዛ ሶፍትዌርም አያድነውም።

ሮው ከሆነ ኒኮን ራሱ ለደንበኞቹ በነፃ የሚሰጠውን ኤንኤክስ ስቱዲዮን ከኩባንያው ድረ ገጽ ያውርዱ። የካሜራዎን ፋይል በቀጥታ ይከፍታል፣ ጥላ ያቀልላል፣ ያዘመመ ፎቶም ያቃናል። እኔ የሠርግ ፎቶ ሳይቀር በመጀመሪያ የማየው በእሱ ነው።

መልስ፦ ኮምፒውተር ጠጋኝ

ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ ሆኖም ካሜራ ሲቀየር ሶፍትዌሩም አብሮ መቀየሩ ስለማይቀር፣ ከአንድ ኩባንያ ጋር ያልታሰረውን ጂምፕ የተባለ የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌርም ቢለምዱት እመክራለሁ። ጂምፕን እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመሩት በበርክሌይ ይማሩ የነበሩ ሁለት ተማሪዎች ናቸው፤ እስከ ዛሬም በነፃ ይታደላል። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የወጣው 3.0 የተባለው እትሙ ደግሞ ለዓመታት ስንጠብቀው የነበረውን ነገር ይዞ መጥቷል፦ በፎቶው ላይ ያደረጉትን ማጣሪያ (ፊልተር) ዋናውን ምስል ሳይነካ በኋላ ተመልሰው ማስተካከል ይችላሉ።

ጀማሪን ብዙ ጊዜ የሚያደናግሩ ሁለት ነገሮች አሉ። ጂምፕ ሮው ፋይልን ብቻውን አይከፍትም፤ ሮው የሚከፍት ዳርክቴብል ወይም ሮውቴራፒ የተባለ ሶፍትዌር አብሮ መጫን አለበት። ሁለተኛ፣ «ሴቭ» ሲሉት የሚያስቀምጠው ኤክስሲኤፍ በሚባል በራሱ ዓይነት ስለሆነ፣ ለፎቶ ቤት ወይም ለቴሌግራም የሚሆን ጄፔግ ለማግኘት «ኤክስፖርት» ማለት ያስፈልጋል።

ዳርክቴብል እጅግ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን 4 ጊጋባይት ለእሱ ዝቅተኛው መጠን ስለሆነ በእርስዎ ላፕቶፕ ላይ መንቀርፈፉ አይቀርም። አፊኒቲ የተባለው ቀድሞ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት ይገዛ የነበረ ሲሆን እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2025 ወዲህ በነፃ ይገኛል፤ እሱም ቢሆን ለላፕቶፕዎ ይከብዳል። ስለዚህ ለሶፍትዌር ሊያወጡ ያሰቡትን ገንዘብ ላፕቶፕዎ የሚቀበል ከሆነ ራሙን ወደ 8 ጊጋባይት ለማሳደግ፣ ከተረፈም ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ለመግዛት ያውሉት። ፎቶ በአንድ ቦታ ብቻ ሲቀመጥ የሚሆነውን እርስዎ አይተውታል፤ በጣም ያሳዝናል።

ጠያቂ፦ መምህር፣ ባሕር ዳር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካሜራዬን ከፍቼ ሳየው ለካ እስከ ዛሬ ድረስ በጄፔግ ብቻ ነበር የተስተካከለው፤ አሁን ወደ ሮው ቀይሬዋለሁ። ኤንኤክስ ስቱዲዮንም አውርጄ የሐይቁን ማዘመም አቃንቻለሁ፣ የቀዛፊው ፊት ግን እንደተባለው ነጠብጣብ ሆነ። አንድ ጥያቄ ልጨምር፦ ለተማሪዎቼ ጉርድ ፎቶ አዘጋጅቼ ለማሳተም በጂምፕ መጠኑን ስንት ላድርገው?

መልስ፦ ፎቶ ቤት የምሠራ

ለ3 በ4 ሳንቲ ሜትር ጉርድ፣ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ስናትም ወርዱ 354፣ ቁመቱ 472 ፒክስል ይሆናል። መጀመሪያ በ3 ለ4 ምጣኔ ይቁረጡት፣ ከዚያ መጠኑን ይቀይሩ፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ፊት ይለጠጣል። የቀለሙን ዓይነት ኤስአርጂቢ (የተለመደው የቀለም ደረጃ) አድርገው ያምጡልን። ለቀዛፊው ደግሞ በሌላ ቀን ፀሐይዋን ከጀርባዎ አድርገው፣ በሮው ይሞክሩት።