«24 ጠመንጃ ይይዛል» የተባለ ካዝና በእውነት ስንት ይይዛል?

ጥያቄ፦ ቆላማው፣ አውሮራ ኮሎራዶ

ሰላም ለሁላችሁም። የጠመንጃ ካዝና ልገዛ ነው። እስካሁን የማስቀምጠው ቁልፍ ባለው ስስ የቆርቆሮ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። አሁን ልጆቹ አደጉ፤ ትልቁ ደግሞ እቤት ውስጥ የተደበቀ ነገር ሁሉ የት እንዳለ የሚያውቅ ጉድ ነው። ያሉኝ ስኮፕ (ማነጣጠሪያ መነጽር) የተገጠመላቸው አራት የአደን ጠመንጃዎች፣ ሁለት ሾትጋን (ፍንጣሪ ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ)፣ አንድ ኤአር (ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ) እና ሁለት ሽጉጥ ናቸው። ከነሱ ጋር ፓስፖርት፣ የዜግነት ወረቀት፣ የቤት ውልና የባለቤቴ ወርቅ ይገባል። ሱቅ ሄጄ ሳይ አንዱ ላይ 14፣ አንዱ ላይ 24፣ ሌላው ላይ 36 ተጽፏል። ሰባት ረጅም ጠመንጃ ላለው ሰው 14 ይተርፈዋል ብዬ ነበር። ከፍቼ ሳየው ግን እንኳን 14 ሊይዝ የኔን ሰባት መቻሉንም ተጠራጠርኩ። ይሄ ቁጥር ከየት ነው የሚመጣው? የትኛውን ልውሰድ?

መልስ፦ የቀድሞ ሻጭ፣ ዳላስ

በትክክል ነው ያየኸው። እኔ የስፖርት ዕቃ መደብር ውስጥ ካዝና እሸጥ ስለነበር ይሄ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ሁሉም ፋብሪካ የሚገዛበት አንድ የአቆጣጠር ደንብ የለም። ፋብሪካው ራሱ ቆጥሮ ራሱ ይጽፋል። የሚቆጥረው አፈሙዙ የሚደገፍባቸውን ጎድጓዳ ቦታዎች ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ብዙ ጊዜ 2 ወይም 3 ኢንች ቢሆን ነው። እዚያ ላይ ጎን ለጎን የሚቆመው ስኮፕ የሌለው፣ ማቀባበያው ወደ ጎን ያልወጣ ቀጭን ጠመንጃ ብቻ ነው። እንደዚያ አይነት ጠመንጃ ብቻ ያለው ሰው እኔ አላየሁም። ደግሞ ቁጥሩ የሚሰራው መደርደሪያው ሁሉ ወጥቶ፣ ግራና ቀኙ በጠመንጃ ብቻ ሲሞላ ነው። አንዱን ጎን ለወረቀትና ለወርቅ ካደረግከው ግማሹ እዚያው ሄደ ማለት ነው።

«20+4» የሚል ጽሑፍ ካየህ ደግሞ አትሸወድ። ብዙ ጊዜ የመጨረሻው 4 በሩ ላይ በተሰፋው ኪስ የሚንጠለጠለው ነው፤ ውስጥ የሚቆመው 20 ነው፣ እሱም በፋብሪካው አቆጣጠር።

የኛ የሻጮቹ ሂሳብ ቀላል ነበር። የተጻፈውን ለሁለት አካፍል፣ ስኮፕ የሚበዛ ከሆነ ከዚያም ቀንስ። 14ቱ ላንተ ስድስት ወይም ሰባት ነው፤ እሱም ወርቁ ውጭ ካደረ።

መልስ፦ ዋልያ፣ ሴንት ፖል ሚኒሶታ

ሻጩ ያለው ልክ ነው፤ ግን ለሁለት ማካፈል ግምት ነው፣ ሜትር ይሻላል። መጀመሪያ የያንዳንዱን ጠመንጃ ሰፊ ቦታ ለካ። ሰደፉን አይደለም፤ ሰደፍ ሁለት ኢንች ቢሞላ ነው። ቦታ የሚበላው ማቀባበያው ወደ ጎን የወጣበት ቦታና የስኮፑ የጎን ማስተካከያ ነው። ስኮፕ ላለው ጠመንጃ 4 ኢንች ያዝለት፣ ትልቅ ስኮፕ ከሆነ 5። አለበለዚያ አንዱን ስታወጣ የሌላውን ስኮፕ እየገጨህ ነው፤ ያኔ ለአደን የወጣህ ጠዋት ኢላማህ ተዛብቶ ታገኘዋለህ። ኤአሩን የጥይት መያዣውን አውልቀህ አስቀምጠው።

ቀጥሎ ቁመት። 28 ኢንች በርሜል ያለው ሾትጋን ጠቅላላ ርዝመቱ ወደ 48 ኢንች ነው። የካዝናው የውስጥ ቁመት ቢበቃም ላይኛው መደርደሪያ ዝቅ ብሎ ከተገጠመ አፈሙዙ ይነካዋል። ሾትጋኑን አጋድመው የሚያስገቡ ሰዎች አሉ፤ ሲያጋድሙት የሶስት ጠመንጃ ቦታ ይበላል።

ከሁሉም በላይ ግን ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው የውጭ መጠን መሆኑን እወቅ። ለምሳሌ ከውጭ 59 በ28 በ20 ኢንች የሆነ ካዝና 19 ኪዩቢክ ፊት ገደማ ነው። ግድግዳው ውስጥ ለእሳት ተብሎ የጂፕሰም ሰሌዳ ይደረደራል፣ ጥልቀቱ ላይ አንዳንዱ እጀታውንም ይጨምርበታል። ውስጡ 56 በ25 በ14 ሆኖ ቢገኝ የቀረልህ 11 ኪዩቢክ ፊት ብቻ ነው። ስለዚህ የውስጡን ልክ ጠይቅ። ካልነገሩህ ሱቅ ሄደህ ራስህ ለካው።

ቦታ መቆጠብ ከፈለግክ አንዱን አፈሙዙን ወደ ላይ፣ ቀጣዩን ወደ ታች እያደረግክ አቁማቸው። አፈሙዝ ውስጥ ገብተው ጫፋቸው ከመደርደሪያው ስር ካለው ምንጣፍ ጋር የሚጣበቁ የፕላስቲክ ዘንጎችም አሉ። እነሱ ጠመንጃውን ቀጥ አድርገው ስለሚያቆሙት ጥሩ ቦታ ይተርፋል። ጥይት አለመጉረሱን አይተህ ነው እንግዲህ።

መልስ፦ አያ ዘበኛ፣ ደብረ ማርቆስ

ሰባት? ለዘመቻ ነው እንዴ? እዚህ አንድ ምንሽር ያለው ሰው ራስጌው አስደግፎት ይተኛል፣ ካዝናው እሱ ራሱ ነው።

መልስ፦ ቆላማው

ሃሃ አያ ዘበኛ፣ እዚህ ለዳክዬ ሌላ፣ ለአጋዘን ሌላ ነው። ኤልክ (ትልቁን የአጋዘን ዘር) በጠመንጃ ለማደን ደግሞ የኮሎራዶ ደንብ ከ.24 ካሊበር (የአፈሙዝ ስፋት በኢንች) በታች አይፈቅድም። በትንሿ ልወጣ ብል እንኳ አይሆንም።

መልስ፦ ትዝታ፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ

እኔ ስለ ወረቀቱና ስለ ወርቁ ልናገር፣ ወንዶቹ ስለ ጠመንጃ ብቻ ነው የምታወሩት። ጂፕሰም በእሳት ሲግል ውሃውን በእንፋሎት ይለቃል። ካዝናውን የሚያቀዘቅዘውም እሱ ነው። ግን እንፋሎቱ ወደ ውስጥ ከገባ ፓስፖርትህ ሳይቃጠል ይረጥባል። ወረቀቱን ውሃ በማያስገባ ቦርሳ አድርገህ አስገባ፣ ወይም ትንሽ የእሳት ሳጥን ገዝተህ ለብቻ አስቀምጥ። «30 ደቂቃ እሳት ይችላል» የሚለውም ብዙ ጊዜ የፋብሪካው የራሱ ሙከራ ነው። ማን እንደፈተነውና በስንት ዲግሪ እንደሆነ ጠይቅ።

ለወርቁ የቤት ኢንሹራንስህን አነጋግር። ብዙ የጠመንጃ ካዝናዎች የሚያሟሉት ዩኤል የተባለው የአሜሪካ የደህንነት ፈታሽ ድርጅት ያወጣውን ዩኤል 1037 የሚባል የመኖሪያ ቤት ደረጃ ነው። የመጀመሪያው እርከን አንድ ሰው በእጅ መሳሪያ ለ5 ደቂቃ ቢታገለው እንዳይከፍተው ነው የሚፈትነው። አምስት ደቂቃ! የባንክ ካዝና እንዳይመስልህ። ባለቤትህም ይሄን ትወቅ፣ ወርቁ የሷ ነው።

መልስ፦ የቀድሞ ሻጭ

ትዝታ ያለችው እውነት ነው። የብረቱንም ውፍረት እይ። ጌጅ ቁጥሩ ሲያንስ ነው ብረቱ የሚወፍረው፤ 14 ጌጅ 1.9 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ 12 ጌጅ 2.7። በአንድ ዋጋ 36 የሚል ስስ ካዝናና 24 የሚል ወፍራም ካዝና ታገኛለህ፤ ትልቅ ቁጥር ርካሽ ማስታወቂያ ነው።

ሽጉጦቹን ደግሞ ከዚህ አውጣቸው። ቶሎ የሚከፈት ትንሽ ሳጥን ግዛላቸውና መሳቢያ ውስጥ ወይም ግድግዳ ላይ በብሎን እሰረው። ልጆች ካሉህ በኮሎራዶ ከጁላይ 2021 ጀምሮ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ያለ ፈቃድ ሊያገኘው በሚችል ሁኔታ መሳሪያ ማስቀመጥ ወንጀል ነው።

መልስ፦ ቆላማው

እግዜር ይስጥልኝ። የኔን ለካሁ። አራቱ ባለስኮፕ በ4 ኢንች 16፣ ሾትጋኖቹና ኤአሩ በ3 ኢንች 9፣ ድምሩ 25 ኢንች። «24» የተጻፈበትን ካዝና ብወስድ አንድ ረድፍ ላይ ልክ ይሞላል፣ ለመደርደሪያ ግን ምንም አልተረፈም። 36ቱን ልውሰድ ወይስ ረድፉን ሁለት ላድርገው? ደግሞ ጋራዥ ላስቀምጠው ነው ያሰብኩት።

መልስ፦ ዋልያ

ሁለት ረድፍ ይቻላል፤ ግን የኋላውን ለማውጣት የፊቱን ሁሉ ስታወጣ ትሰለቻለህ፣ በተለይ ሌሊት 10 ሰዓት ለአደን ስትነሳ። ብሩና ቦታው ካለህ 36ቱን ውሰድ። አንድ ጎኑን ለጠመንጃ፣ ሌላውን ለመደርደሪያ አድርገው። ሁለት ጠመንጃ ብትጨምርም ይበቃሃል፣ አደን የገባ ሰው ደግሞ መጨመሩ አይቀርም።

ጋራዥ ከሆነ እርጥበቱን አስብበት። ሲሚንቶ ላይ በቀጥታ አታስቀምጠው፣ ከስሩ ላስቲክ አንጥፍ። ውስጡ ማሞቂያ ዘንግ ወይም እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ይኑር። ወለሉን ሰርስረህ ከማሰርህ በፊት ግን ቤቱ አዲስ ከሆነ ሲሚንቶው ውስጥ የተወጠረ የብረት ገመድ እንዳለ አጣራ። ገመዱን በመሰርሰሪያ ብትመታ ከካዝናው ዋጋ በላይ ያስወጣሃል።

መልስ፦ የቀድሞ ሻጭ

አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር። የካዝናው በር ወደየትኛው ጎን እንደሚከፈት እይ። ማጠፊያው ያለበት ጎን ግድግዳ ጥግ ከሆነ በሩ ከ90 ዲግሪ አያልፍም፣ ያኔ በሩ ላይ ያለው ኪስ መተላለፊያውን ይዘጋና መደርደሪያውን ማውጣት አትችልም። የጋራዡንም የመግቢያ በር ስፋት ለካ፣ የሚያመጡልህ ሰዎች ደጃፍ ጥለውት ከመሄዳቸው በፊት።