ኮምቦልቻ ላይ ፕሮሰሰሬ 95 ዲግሪ ገባ፣ ራሙን 3600 ሳደርገው ደግሞ ይደርቃል። ምን ላድርግ?

ቦርከና ዳር፦

ሰላም ለሁላችሁም። ኮምቦልቻ ነኝ። የሰርግ ቪዲዮ ነው የምሠራው፣ ማታ ማታ ደግሞ ጌም አለ፣ አልዋሽም። ኮምፒውተሩን ያገለገለ ነው የገዛሁት። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 3600፣ ማዘርቦርዱ (ዋናው ቦርድ) ቢ450፣ ፋኑ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የሚመጣው ትንሹ ነው። ራም ሁለት ባለ 8 ጊጋ አለው፣ ግን መንትያ አይደሉም። አንዱ ላይ 3200 ይላል፣ ሌላው ላይ 3600። የሸጠልኝ ልጅ «ኦቨርክሎክ ካደረግከው፣ ማለት ከፋብሪካው ፍጥነት በላይ ካስኬድከው፣ ያለ ምንም ወጪ አዲስ ይሆንልሃል» ብሎኝ ነበር፣ እኔም ሁለት ሦስት ቪዲዮ አየሁና ገባሁበት።

ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት መሠረታዊ ሴቲንግ) ውስጥ ሁሉንም የፕሮሰሰሩን ኮር 4.2 ጊጋኸርዝ አደረግኩ፣ ቮልቴጁን 1.4፣ ራሙን ደግሞ ኤክስኤምፒ የሚባለውን የራም ሴቲንግ ከፍቼ 3600። መጀመሪያ ላይ ፈጥኖ ነበር፣ ወላሂ። ከዚያ ሬንደር (ቪዲዮውን አቀናብሮ ማውጣት) ሳስጀምረው አሥር ደቂቃ ሳይሞላ 95 ዲግሪ ገባና ፍጥነቱን ራሱ እየቀነሰ ይንቀራፈፍ ጀመር። ሁለት ጊዜ ደግሞ ቪዲዮው 80 ፐርሰንት ላይ ሲደርስ ድርቅ አለ። አንዴ ሰማያዊ ስክሪን መጣ፣ ሜሞሪ ማኔጅመንት ይላል። ክፍሌ ከሰዓት 29 ዲግሪ ይሆናል። የኬዙን ክዳን ስከፍተው ትንሽ ይሻለዋል።

የሚያዝያ ሙሽሮች እስካሁን ቪዲዮአቸውን አላገኙም፣ የአንዷ ሙሽራ እናት በቀን ሁለቴ ነው የምትደውለው። ፋን ልግዛ? ወይስ ከፍታው ነው? የራሙንስ ነገር ማን ያስረዳኝ?

ጦሳ ስር፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሁሉንም ወደነበረበት መልሰው። ባዮስ ውስጥ ዲፎልት የሚለውን ጫን፣ እምቢ ካለህ ከሶኬት ነቅለህ በቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ጥቂት ደቂቃ አውጣት። ሁለት ነገር ባንዴ ስለቀየርክ የትኛው እንዳስቸገረህ ማወቅ አትችልም። ያየሁት ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ እኔም ራሴ።

አሁን ስለ ቮልቴጁ። 1.4 ለሁሉም ኮር፣ ያውም በዚያ ፋን፣ በጣም ብዙ ነው። ፕሮሰሰሩ ራሱ አንዳንዴ 1.4 ሲያነብብህ ታያለህ፣ እሱ ግን ሥራ ሲቀልለት አንድ ሁለት ኮር ላይ ለቅጽበት ነው። አንተ ስድስቱንም ኮር ለሰዓታት በዚያ ላይ ቸንክረህ ያዝከው። ሙቀቱ የሚጨምረው በቮልቴጁ ካሬ ነው። ከ1.25 ወደ 1.35 ብቻ ብታሳድገው፣ ፍጥነቱን ደግሞ በ5 ፐርሰንት ብትጨምር፣ የሚበላው ኃይል በ22 ፐርሰንት ገደማ ያድጋል። አንተ ደግሞ 1.4 ገባህ።

ያገኘኸውስ ምንድነው? ይሄ ፕሮሰሰር ሳይነካ በራሱ ሬንደር ላይ 4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ይሄዳል። 4.2 ስታደርገው 1 ሰዓት የሚፈጀው ሬንደር 57 ደቂቃ ይሆናል ማለት ነው። ለሦስት ደቂቃ ብለህ የሙሽራዋን እናት አስለቀስክ።

አንድ ጥያቄ፦ ራሞቹን የትኞቹ ስሎቶች (መሰኪያዎች) ላይ ነው የሰካሃቸው?

ወሎ ጌመር፦

ምን ያጨቃጭቃል፣ ውኃ ማቀዝቀዣ ግዛና ተገላገል። እኔ ባለ 240 ሚሊሜትሩን አስገብቻለሁ፣ ራይዘን 5 3600 ምን ያህል ሊሞቅ ነው?

ጦሳ ስር፦

ስንት እንደገዛኸው ንገረውና ይስማ። ለዚያ ገንዘብ ፕሮሰሰሩን ራሱን ወደ 5600 ይቀይረዋል፣ ቦርዱም ባዮሱ ከታደሰ ይቀበለዋል። ደግሞ ውኃውም ቢሆን መጨረሻ ላይ ሙቀቱን የሚጥለው አየር ላይ ነው። ክፍሉ 29 ከሆነ ከ29 በታች አይወርድልህም።

ሐረጎ ቁልቁለት፦

የከፍታውን ነገር ለእኔ ተዉልኝ። ቤተሰብ ደሴ፣ ሥራ ኮምቦልቻ ስለሆነ ኮምፒውተሬ የሐረጎን ዳገት ስንት ጊዜ ከእኔ ጋር ወጥቶ እንደወረደ አላህ ነው የሚያውቀው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፣ ከፍታው ግን በብዙ መቶ ሜትር ይለያያል። ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ 1850 አካባቢ።

አየሩ ደሴ ላይ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ኮምቦልቻ ላይም በአንድ አምስተኛ ገደማ። ፋኑ ሲዞር የሚገፋው የአየር ስፋት ያው ነው፣ ግን በውስጡ ያለው አየር ጥቂት ነው፣ ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣው ደግሞ እሱ ነው። ስለዚህ አንዱ ባሕር ዳር ቁጭ ብሎ (የእኛን ባሕር ዳር ማለቴ አይደለም፣ እሷም ከፍታ ላይ ናት) «ይሄ ፋን 75 ላይ ያቆመዋል» ቢልህ፣ እዚህ ጥቂት ዲግሪ ጨምርበት።

ታዲያ ደሴ ላይ የባሰ ይሞቃል? አይሞቅም። ብርዱ ይክሳታል። የእኔው ማሽን፣ ያው ፋን፣ ያው ሬንደር፣ ደሴ ክፍሌ 19 ሆኖ 72 ዲግሪ ላይ ይቆማል። ኮምቦልቻ ክፍሉ 28 ሲሆን 80። ክፍሉ በ9 ሲለያይ ፕሮሰሰሩ በ8 ነው የተለያየው፣ አንዷን ዲግሪ የደሴ ስስ አየር በላት ብዬ ነው የማስበው። ባጭሩ ከፍታው አለበት፣ ግን 95 ያደረሰህ እሱ አይደለም።

በነገራችን ላይ አንዳንድ ቻርጀርና ፓወር ሰፕላይ ላይ የተራራ ሥዕል ተደርጎ 2000 ሜትር የሚል ምልክት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከዚያ በታች ብቻ ተጠቀሙበት ማለት ነው። አየር ሲሳሳ ማቀዝቀዙም ኤሌክትሪክ እንዳይዘል መከላከሉም ይደክማል። በዚያ ሂሳብ ኮምቦልቻ ሕጋዊ ናት፣ ደሴ ሕገወጥ።

አሮጌው ጠጋኝ፦

ልጆች፣ ስለ ቮልት ስታወሩ ዋናውን ረሳችሁት። ይሄ ኮምፒውተር ያገለገለ ነው። ተከፍቶ ታይቷል? ፔስቱ (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው) መቼ ነው የተቀየረው? እኔ ደሴ ፒያሳ ስንት ዓመት ከፍቼ ስዘጋ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ «ፕሮሰሰሩ ተቃጠለ» ተብለው ከሚመጡት አብዛኞቹ አቧራና የደረቀ ፔስት ናቸው።

የእኛ አገር አቧራ ደግሞ ብቻውን አይመጣም። ቡና በሚፈላበት ክፍል፣ ዕጣንና ከሰል በሚጨስበት፣ ጭሱ ሂትሲንኩ (ከፋኑ ሥር ያለው ሙቀት ተቀባይ ብረት) ላይ ስስ ሙጫ ይሠራል፣ አቧራው እዚያ ላይ ይለጠፋል። ቢነፉት አይወጣም። በለስላሳ ብሩሽ መፈቅፈቅ አለበት። ዕጣኑን ተው አልልም፣ ወሎ ተቀምጦ ማን ይሰማኛል። ኬዙን ግን ከረከቦቱ አጠገብ አታስቀምጠው፣ ከወለሉም ከፍ አድርገው።

ልብ በል፣ የዚህ ፕሮሰሰር እግሮች ራሱ ላይ ናቸው። ፔስቱ ከደረቀ ፋኑን ሽቅብ ስትጎትተው ፕሮሰሰሩ ተለጥፎ ይወጣል፣ እግሩም ይጣመማል። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ አሠራውና ይሙቅ፣ አጥፋው፣ ከሶኬት ንቀል፣ አራቱን ብሎን ፍታ፣ ከዚያ ግራ ቀኝ ቀስ አድርገህ እያሽከረከርክ አላቅቀው። አሮጌውን በአልኮል ጥረግ። አዲሱን አተር የምታክል መሃል ላይ፣ በቃ። ለሙሽራ ቅቤ እንደሚቀባ አትለቅልቀው። ብሎኖቹን በአንዴ አንዱን ጨርሰህ አትጥበቅ፣ በሰያፍ ተራ በተራ ትንሽ ትንሽ።

ቦርከና ዳር፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እውነት ለመናገር ስገዛው ጎሚስታ ቤት ወስጄ በመንፊያው አስነፍቼው ነበር፣ ጸድቷል ብዬ ነው የተውኩት። ፔስቱን ነክቼው አላውቅም።

ጦሳ ስር፣ ራሞቹ ጎን ለጎን ናቸው፣ ከፕሮሰሰሩ በኩል አንደኛውና ሁለተኛው ላይ። ችግር አለው?

አሮጌው ጠጋኝ፦

ጎሚስታ! ልጄ፣ ያ መንፊያ ለጎማ ነው። ጋኑ ውስጥ ውኃና ዘይት ይጠራቀማል፣ ያንን ነው ቦርድህ ላይ የሚረጭልህ። ፋኑንም በጣትህ ካልያዝከው ከልኩ በላይ ይሽከረከርና ኩሽኔታው ይጎዳል። ስንቱ ሰው እንደሚያደርገው ብነግርህ። ለዚህ ጊዜ አላህ አውጥቶሃል፣ ሁለተኛ እንዳትሞክረው።

ጦሳ ስር፦

አለው እንጂ፣ ትልቅ ችግር ነው! ሁለት ራም ያለው ሰው አራት ስሎት ባለው ቦርድ ላይ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው የሚሰካው። ጎን ለጎን ስትሰካቸው ሁለቱም አንድ ቻናል (ራሙ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚገናኝበት መስመር) ላይ ይሰለፋሉ፣ ሌላው ቻናል ባዶውን ይቀመጣል። ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን ፕሮግራም ክፈት፣ ሜሞሪ የሚለው ላይ ሲንግል ሳይሆን ዱዋል ማለት አለበት። ይሄ በነጻ የሚገኝ ፍጥነት ነው፣ ከዚያ 4.2 ከምትለው ይበልጣል።

ቀጥሎ ታይሚንጉ፣ ማለት ራሙ መልስ ለመስጠት የሚፈጅበት ጊዜ። ኤክስኤምፒ ማለት ራሙ ላይ ፋብሪካው የጻፈው የተዘጋጀ ሴቲንግ ነው፣ አንዳንድ ቦርድ ላይ ስሙ ዲኦሲፒ ነው። ኤክስኤምፒ ካልተከፈተ ባለ 3200 የሚለው ራምህ 2133 ወይም 2400 ላይ እየሠራ ነው፣ ብዙ ሰው ዕድሜ ልኩን እንደዚያ ነው የሚጠቀመው። ያንተ ችግር ግን ራሞቹ አንድ ዓይነት አለመሆናቸው ነው። 3600 ስትለው ባለ 3200ውን ከአቅሙ በላይ ነው የጠየቅከው፣ ያ ሰማያዊ ስክሪን ከዚያ ይመስለኛል። ሁለት በሬ ስትጠምድ ጥማዱ የሚሄደው በደካማው ነው።

ስለዚህ ኤክስኤምፒውን ተወውና በእጅ ግባ። ፍጥነት 3200፣ ታይሚንግ 16-18-18-38፣ ቮልቴጅ 1.35። ካልተረጋጋ የመጀመሪያዋን 18 አድርጋት። የኢንፊኒቲ ፋብሪኩን (የፕሮሰሰሩን ክፍሎች ከራሙ ጋር የሚያገናኘውን መስመር) ፍጥነት 1600 አድርገው፣ ከራሙ ጋር እኩል ይሄዳል፣ ራም 3200 ሲባል ትክክለኛው ክሎኩ 1600 ሜጋኸርዝ ነውና። 3600 ቀረብኝ ብለህ አትዘን። 3200 በሲኤል 16 (ሲኤል የታይሚንጉ የመጀመሪያዋ ቁጥር ናት) ማለት መዘግየቱ 10 ናኖሰከንድ ነው፣ 3600 በሲኤል 18ም ያው 10 ነው። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ነው የሚያጓጓው። ከ3600 በላይ ደግሞ በነዚህ ፕሮሰሰሮች ላይ ብዙ ጊዜ ፋብሪኩ መከተል ያቅተውና የራሙ መቆጣጠሪያ ፍጥነት በግማሽ ይወርዳል፣ ጭራሽ ይዘገያል።

ከዚያ ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ፍላሽ ላይ ጫንና ሌሊቱን ሙሉ አስፈትሸው። አንድ ስህተት ካሳየህ አንድም ብዙ ነው። ፕሮሰሰር ሲያስቸግር ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ ይጠፋል፣ ታውቃለህ። ራም ሲያስቸግር ግን ዝም ብሎ ፋይልህን ያበላሻል፣ የሰርጉ ቪዲዮ ውስጥ አረንጓዴ መስመር የምታየው ከሳምንት በኋላ ነው፣ ያኔ የካሜራውን ካርድ ፎርማት አድርገኸዋል።

ሐረጎ ቁልቁለት፦

እኔ የምጨምረው፦ ባዮስ እየነካካችሁ መብራት ቢሄድ ችግር የለውም፣ ባዮሱን እያዘመናችሁ ቢሄድ ግን ቦርዱ ሊሞት ይችላል። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ከሌላችሁ ደመና ባለበት ቀን አትሞክሩት። በእኛ ሰፈር ነፋስ ሲነሳ ነው የሚጠፋው፣ ለማንኛውም።

ደግሞ ቦርከና ዳር፣ ራይዘን ማስተር የሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ኢኮ ሞድ አለ። 65 ዋቱን ፕሮሰሰር እንደ 45 ዋት ያደርገዋል። ከሰዓት ሙቀቱ ሲከፋ እሱን አብራው፣ ሬንደሩ ትንሽ ይረዝማል፣ ፋኑ ግን እንደ ወፍጮ አይጮህም። ረጅሙን ሬንደር ማታ ብታስጀምረው ደግሞ የበለጠ ነው።

ወሎ ጌመር፦

እሺ ተሸነፍኩ፣ ግን ማቀዝቀዣዬ ያምራል። መብራቱ ሐምራዊ ነው።

ቦርከና ዳር፦

ልመለስ ብዬ ነው፣ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ፋኑን ጋሼ እንዳሉት አሙቄ አላቀቅኩት። ፔስቱ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ነበር፣ ሂትሲንኩ ሥር ደግሞ አቧራው እንደ ጥጥ ተጋግሯል፣ ጎሚስታው ከላይ ከላይ ነው ያነሳው። በጥርስ ብሩሽ አንድ ሰዓት ፈጀሁ። ራሞቹን ሁለትና አራት ላይ አደረግኩ። 3200ው በ16 አንድ ስህተት አሳየኝ፣ 18 ሳደርገው አራት ዙር ንጹሕ ጨረሰ። ፕሮሰሰሩን አልነካሁትም፣ በራሱ ተውኩት።

ትናንት ከሰዓት ክፍሉ 29 ሆኖ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሬንደር አደረግኩ፣ ከ83 አላለፈም። ኢኮ ሞድ ላይ 71። ቪዲዮው ደግሞ በፊት በ4.2 ከሞከርኩት ፈጥኖ ነው ያለቀው፣ ያኔ እየሞቀ ራሱን ይቀንስ ስለነበር መሰለኝ።

አንድ ነገር ብቻ፦ አሁን ኮምፒውተሩ ሲነሳ ስክሪኑ ሃያ ሰከንድ ያህል ጥቁር ሆኖ ይቆያል። ይሄ ከራሙ ነው?

ጦሳ ስር፦

ከዲፎልቱ ጊዜ ይልቅ ከረዘመ አዎ፣ ራሙን እየፈተሸና እያለማመደ ነው። ሴቲንግ ስትቀይር መጀመሪያ ላይ ይቆያል። አንድ ሁለቴ ጠፍቶ በራሱ ቢነሳም አትደንግጥ፣ ቁልፉን እየጫንክ አታቋርጠው። በየቀኑ እንደዚያ ከሆነ ግን ተመለስና ቮልቴጁ በትክክል 1.35 መያዙን እይ፣ አንዳንድ ቦርድ ታይሚንጉን ተቀብሎ ቮልቱን 1.2 ላይ ይተወዋል።

ቦርከና ዳር፦

አየሁት፣ 1.2 ላይ ነበር! አራቱን ዙር እንዴት እንዳለፈ እንጃ። አሁን 1.35 አድርጌ በ16 እንደገና ለሌሊት ሜምቴስት ጣልኩት። ጠዋት እነግራችኋለሁ።