አዛሊያ በዋልካ አፈር ላይ ይበቅላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዘዞ በሚገኘው ግቢያችን ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፍ አዛሊያ ተክዬ አበባውን ለማየት እጅግ እመኛለሁ፤ ሆኖም አፈሩ ዋልካ ስለሆነ ሥሩ እንዳይበሰብስ እሰጋለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው። የአዛሊያ ሥር ቀጭንና ከላይ ከላይ የሚሰራጭ በመሆኑ ውሃ በሚያቁር ዋልካ ውስጥ ይታፈናል፤ አፈሩም አሲዳማ፣ ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ) መጠኑም ከ4.5 እስከ 6 ሊሆን ይገባል። ስለዚህ ከፍ ባለ መደብ ላይ፣ ብስባሽ በበዛበት አፈር ይትከሉት። ብዙዎቻችን ለአትክልት የምንበትነው አመድ አሲዱን ስለሚቀንስ ፈጽሞ አይጨምሩበት።

መልስ፦ የሚከረክሙት አበባው እንደረገፈ ወዲያውኑ ይሁን፤ ከዘገዩ የሚቀጥለውን ዓመት እምቡጥ አብረው ይቆርጡታል። በበጋ ሥሩን በደረቅ ቅጠል ይሸፍኑት።

መልስ፦ በግ ወይም ፍየል ካለዎት አደራ፣ ቅጠሉ መርዛማ ነው።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በጎች ስላሉን መደቡን አጥራለሁ።