"መልሶ መጠቀም" እና "መልሶ ማምረት" ተምታቱባቸው፤ ለ3ኛ ክፍል ልጆች እንዴት ላስተምር?

ጥያቄ፦ የ3ኛ ክፍል መምህርት

ሰላም ለሁላችሁ። የማስተምራቸው ልጆች 42 ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 10። የሚመጡት አራት ሳምንታት ትምህርታችን ስለ ደረቅ ቆሻሻ ነው፦ መቀነስ፣ መልሶ መጠቀም፣ መልሶ ማምረት። ባለፈው ዓመትም ይህንኑ አስተምሬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር አልሆነልኝም።

አንደኛው ችግር ስሙ ነው። ሁለቱም "መልሶ" ብለው ስለሚጀምሩ ለልጆቹ አንድ ናቸው። ፈተና ላይ "በባዶ ጠርሙስ ችግኝ መትከል ምን ይባላል?" ብዬ ብጠይቅ ከግማሽ የሚበልጡት "መልሶ ማምረት" ብለው መለሱ።

ሁለተኛው ያሳፍራል። ብዙ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ለሚያመጣ ቡድን ሽልማት አለ አልኩ። በሁለት ሳምንት የክፍሉ ጥግ እስከ መስኮቱ ሞላ፤ እኔም ፎቶ እያነሳሁ ደስ አለኝ። ከዚያ አንዲት እናት መጡና "ልጄ ለውድድሩ እያለ በየቀኑ የታሸገ ውኃ ካልገዛሽልኝ ይለኛል፤ ቤት የሚጠጣ ውኃ ሞልቶ" አሉኝ። ቆሻሻ መቀነስ አስተምራለሁ ብዬ ቆሻሻ አስጨመርኩ። ከጠርሙሶቹ የሠራናቸው ጌጣጌጦችም ወር ሳይሞላቸው ገንዳ ገቡ።

ፕሮጀክተር የለኝም፤ የማባዣ ወረቀትም እንደ ልብ አላገኝም። ሰሌዳ፣ ካርቶንና ትንሽ ባዶ መሬት አለኝ። ሞክራችሁት የሠራላችሁ ነገር ካለ ብታካፍሉኝ።

መልስ፦ የሳይንስ መምህር

በስሙ እንጀምር። አንዲት ጥያቄ ብቻ ያስይዟቸው፦ "ዕቃው ፈርሷል?" ሳይፈርስ ዳግም ካገለገለ መልሶ መጠቀም ነው። ቀልጦ፣ ተፈጭቶ ወይም ተነክሮ ጥሬ ዕቃ ከሆነ በኋላ እንደ አዲስ ከተሠራ መልሶ ማምረት ነው። አንዱ ልጅ ያለጥርጥር "ጠርሙሱን በመቀስ ለሁለት ብንቆርጠውስ?" ይላል። እሱን ጥያቄ አይለፉት፤ ትምህርቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። መቆረጥ መፍረስ አይደለም፤ ጠርሙሱ ቅርጹ ጎደለ እንጂ ወደ ጥሬ ዕቃነት አልተመለሰም።

በጭቃ ያሳዩዋቸው። ከጭቃ ትንሽ ኩባያ ይሥሩ። ኩባያው እርሳስ ማስቀመጫ ሲሆን አንድ፤ ተጨፍልቆ ኳስ ሲሆን ሌላ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ከዚያ በኋላ "ፈርሷል ወይስ አልፈረሰም?" ብለው እርስ በርሳቸው ሲከራከሩ ይሰሟቸዋል።

መልሶ ማምረትን ግን በእጃቸው እንዲሠሩት ከፈለጉ ከወረቀት የተሻለ የለም። የተጻፈበትን ወረቀት የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያክል ይቅደዱ፤ ለብ ባለ ውኃ ነክረው ያሳድሩ። በማግስቱ ቀጭን ሊጥ እስኪመስል ልጆቹ በእጃቸው ይሹት። ሰፋ ባለ ሳፋ ውኃ ውስጥ በትነው፣ በእንጨት ፍሬም ላይ የተወጠረ ደቃቅ የሽቦ ወንፊት ከሥሩ አስገብተው ቀስ ብለው ያንሱት። ውኃው ሲንጠፈጠፍ ጨርቅ ላይ ገልብጠው ይጫኑትና ይደርቅ፤ እንደ አየሩ አንድ ሁለት ቀን ይወስዳል። የተረፈውን ዝቃጭ በመታጠቢያ ገንዳ እንዳያፈሱት፤ ቧንቧ ይዘጋል። (እኔ ዘግቼ፣ ቧንቧ ሠራተኛ ለምኜ አውቃለሁ።)

የሚወጣው ወረቀት ግራጫና ሻካራ ነው። ይህን እንደ ጉድለት አይዩት፤ ለምን እንደሻከረ ይጠይቋቸው። የወረቀት ክር በተመረተ ቁጥር እያጠረ ስለሚሄድ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ያህል ከተመላለሰ በኋላ ወረቀት አይወጣውም። መልሶ ማምረት መጨረሻ የሌለው አስማት እንዳልሆነ ያን ጊዜ ይገባቸዋል።

መልስ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር

ልጄ፣ በውድድሩ አትፈሪ፤ እኔም በዘመኔ በቆርቆሮ ጣሳ ይህንኑ ስህተት ሠርቻለሁ። ሽልማት የተሰጠበት ነገር ይበዛል። ስለዚህ ያልተጣለውን ሸልሚ።

እንዲህ አድርጊ፦ የክፍላችሁን የቆሻሻ ቅርጫት በየቀኑ ከመውጫ ሰዓት በፊት መዝኚ። ሚዛን ከሌለሽ ባልዲ ይበቃል፤ ግማሽ ባልዲ፣ ሩብ ባልዲ እያልሽ በሰሌዳው ጥግ በየቀኑ ቋሚ መስመር ይሣሉ። የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም ሳትነግሪያቸው መዝኚ፤ ካወቁ ጠባያቸው ይለወጥና መነሻሽ ይበላሻል። ቡድን ከቡድን አታወዳድሪ። ክፍሉ የሚወዳደረው ካለፈው ሳምንት ከራሱ ጋር ይሁን። ያለዚያ ቆሻሻቸውን ወስደው የጎረቤት ክፍል ቅርጫት ውስጥ ይጥሉታል። እየሳቅኩ አይደለም፤ አድርገውታል።

ቅደም ተከተሉም እንዳይዛባብሽ። መቀነስ የሚቀድመው ስሙ መጀመሪያ ስለተጻፈ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው እስከ 2015 ድረስ በዓለም ላይ ቆሻሻ ከሆነው ፕላስቲክ ሁሉ መልሶ የተመረተው 9 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው፤ 12 በመቶው ተቃጥሏል፣ 79 በመቶው በቆሻሻ መጣያ ተከምሯል ወይም በየሜዳው ተበትኗል። "በመቶ" ለ3ኛ ክፍል ልጅ ምንም ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ያን ሁሉ ጠርሙስ ካከማቸሽ ክዳኑ አለሽ ማለት ነው። 100 ክዳን መሬት ላይ ደርድሪ። አንድ ልጅ 9 ቆጥሮ ወደ ቀኝ ይውሰድ፤ ሌላው 12 ወደ ግራ። የቀረውን ክምር ዝም ብለሽ አሳያቸው። ምንም አትጨምሪ።

መልስ፦ የፕላስቲክ መፍጫ ሠራተኛ

ከጋሼ ቀጥዬ ስለ ክዳኑ ልናገር። ጠርሙሱና ክዳኑ የተለያየ ፕላስቲክ ነው። ከጠርሙሱ ትንሽ ቁራጭ ቆርጠው ከክዳኑ ጋር ውኃ ውስጥ ይጣሉ፦ ቁራጩ ይሰጥማል፣ ክዳኑ ይንሳፈፋል። (ቁራጩ ላይ የአየር አረፋ ካለ በጣት ያራግፉት፤ አለበለዚያ ያሳፍርዎታል።) እኛም የተፈጨውን የምንለየው በዚሁ መንገድ ነው፤ ትልቅ ገንዳ ነው ልዩነቱ። ልጆች ይህን ሲያዩ አፋቸውን ይከፍታሉ።

ከዕቃው ሥር ያለው ሦስት ማዕዘንና ቁጥር የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ ነው የሚናገረው። 1 የውኃ ጠርሙስ ነው፤ 2 እንደ ፈሳሽ ሳሙና መያዣ ያለው ጠንከር ያለው፤ 4 ስስ ፌስታል፤ 5 ብዙ ክዳኖች፤ 6 ፎም። ምልክቱ አለ ማለት ዕቃው መልሶ ይመረታል ማለት አይደለም። አዋቂውም ይሳሳታል። የሚሰበስበው ሰውና የሚፈጨው ቦታ ከሌለ ምልክቱ ጌጥ ነው። ስለዚህ ከማስተማርዎ በፊት በአካባቢዎ በእርግጥ የሚሰበሰበው የትኛው እንደሆነ ጠይቀው ይወቁ፤ ለልጆቹም ያንን ብቻ ያስለዩዋቸው። የሚሰበሰበውም ታጥቦና ደርቆ ይሁን። ዘይት ያለበት አንድ ጠርሙስ ከረጢት ሙሉ ያበላሻል።

ብረታ ብረትና ጠርሙስ ግን ደስ ይላሉ። አሉሚኒየም ጣሳን አቅልጦ መሥራት ከማዕድኑ አዲስ ከማውጣት 95 በመቶ ያህል ኃይል ይቆጥባል። የመስታወት ጠርሙስ ደግሞ ጥራቱ ሳይቀንስ ደጋግሞ ይቀልጣል።

መልስ፦ የሁለት ልጆች እናት

መምህርት፣ እንደ ወላጅ አንድ ልመና አለኝ፦ "ነገ ሦስት ባዶ ጣሳ ይዛችሁ ኑ" አይበሉን። ያላለቀ ነገር ገልብጠን እንልካለን።

በሙያዬ ደግሞ ነርስ ነኝና ልጨነቅ። ልጆች የሚለዩት የራሳቸውን ክፍል ቆሻሻ ብቻ ይሁን፤ ጓንት ያድርጉ፤ ሲጨርሱ በሳሙና ይታጠቡ። ስባሪ፣ መርፌ፣ መድኃኒትና ባትሪ ካዩ እጅ አውጥተው እርስዎን ይጥሩ እንጂ አይንኩ። ክቧ የሰዓት ባትሪ በተለይ አደገኛ ናት፤ ከተዋጠች በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ልታቃጥል ትችላለች፤ ያን ጊዜ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። የፀረ ተባይና የኬሚካል መያዣ ደግሞ አሥር ጊዜ ቢታጠብም ለውኃና ለምግብ አይሆንም። መልሶ መጠቀም ስታስተምሩ ይህ ካልተነገረ አንድ ትጉህ ልጅ ቤቱ ሄዶ ጉድ ይሠራል።

የቤት ልምዴን ልጨምር፦ እኛ በእንቆቅልሽ ነው የምናስታውሰው። "እንቆቅልህ?" "ምን አውቅልሽ?" "መቶ ጊዜ ብቀልጥ መቶ ጊዜ እወለዳለሁ፤ አንድ ጊዜ ብወድቅ እሰበራለሁ።" ጠርሙስ! "ዛፍ ነበርኩ፣ ቃል ተሸከምኩ፤ ውኃ ሲነካኝ ሁሉን እረሳለሁ።" ወረቀት! ልጆቹ ራሳቸው እንዲፈጥሩ ያድርጉ፤ ከእኔ ይበልጣሉ።

መልስ፦ የሥዕልና የእጅ ሥራ መምህርት

በጠርሙስ ጌጥ ላይ የሁላችሁም ፊት ስለጠቆረ ልከላከል። የእጅ ሥራ አይደለም ጥፋቱ። ከመጀመራችን በፊት "ይህን ባንሠራው ኖሮ ምን እንገዛ ነበር?" እንላለን። መልሱ "ምንም" ከሆነ የምንሠራው ቀጠሮ የተሰጠው ቆሻሻ ነው፤ እንተወዋለን። መልስ ካለው እንሠራለን። ክዳኖቹ ለሒሳብ መቁጠሪያ ሆነውልናል፤ ግማሽ ጠርሙስ ችግኝ ማፍያ ሆኗል። ከሁሉ የበለጠው ግን ደብተር ነው፦ በዓመቱ መጨረሻ ካለቁ ደብተሮች ያልተጻፈባቸውን ገጾች እየነቀልን፣ ካርቶን ሽፋን አድርገን በመርፌና በወፍራም ክር እንሰፋለን። የተቀደደ ቦርሳ መጠገንም መልሶ መጠቀም ነው፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም ማንም አይቆጥረውም።

መልስ፦ የሳይንስ መምህር

አንድ ነገር ረስቼ። ባዶ መሬት አለኝ ብለዋል፤ አራት ሳምንትም አለዎት፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ይቅበሩ። የፍራፍሬ ልጣጭ፣ ቅጠል፣ የደብተር ወረቀት፣ የጥጥ ጨርቅ ቁራጭ፣ ፌስታልና ጣሳ፤ እያንዳንዱን ለየብቻ፣ አንድ ስንዝር ያህል ጥልቀት፣ ላዩ ላይ ስም የተጻፈበት እንጨት። አፈሩ እርጥበት እንዳያጣ ውኃ ያጠጡት። ከመቅበርዎ በፊት እያንዳንዱ ልጅ ምን እንደሚሆን ገምቶ ይጻፍ፤ ግምት ያልጻፈ ልጅ ሲቆፈር "አውቅ ነበር" ይላል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፦ የ3ኛ ክፍል መምህርት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። "ፈርሷል ወይስ አልፈረሰም?" አሁን የክፍሉ ቋንቋ ሆኗል፤ ወንበር የሰበረ ልጅ ሳይቀር "መልሶ ማምረት ነው" ብሎ ሊያመልጠኝ ሞክሯል። የተቀበረው ገና አልተቆፈረም፤ በየቀኑ ይለምኑኛል።

ጋሼ፣ የእርስዎን ምክር ተከትዬ ሳልናገር አንድ ሳምንት መዘንኩ። ዓርብ ዕለት ቅርጫቱን ጋዜጣ ላይ ገልብጠን ለየን። ፕላስቲክ ጠብቄ ነበር። አብዛኛው ወረቀት ሆኖ ተገኘ፤ ያውም አንድ ሁለት መስመር ብቻ የተጻፈበት፣ ከደብተር የተገነጠለ። "ለምን ትገነጥላላችሁ?" ብዬ ጠየቅኩ። ዝም አሉ። በኋላ አንዷ ከኋላ ወንበር "መምህር፣ ስርዝ ድልዝ ያለበትን አልቀበልም ስላሉን ነው" አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ ብያለሁ። በየዓመቱ እላለሁ። በዚያው ሰሌዳ ላይ "የተሳሳተ በአንድ መስመር ይሰረዝ፣ ገጹ አይገንጠል" ብዬ ጻፍኩ። ቋሚ መስመሮቹ በሁለተኛው ሳምንት ከግማሽ በታች ወረዱ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፤ የሠራነው ወረቀት ከወንፊቱ አልላቀቅ ብሎ ይቀደዳል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ የሳይንስ መምህር

ውኃው ሳይወጣ ቸኩላችሁ ነው። ጨርቁ ላይ ከገለበጣችሁት በኋላ በወንፊቱ ጀርባ በኩል በስፖንጅ ደጋግማችሁ ጫኑ፤ ስፖንጁን እየጨመቃችሁ። ከዚያ ፍሬሙን በአንድ ጠርዝ በኩል ቀስ አድርጋችሁ አንሱት። አሁንም ከተቀደደ ሊጡ ቀጥኗል፤ ትንሽ ወረቀት ጨምሩበት።